የእንግሊዝኛ ክበብ ዘገባ፦ ከ«ኦልዞ» በኋላ «በት» የለም

የእንግሊዝኛ ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የሠራው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ በሰቦርዲኔት ክሎዝ፣ ማለትም ብቻውን መቆም በማይችለው ጥገኛ የዓረፍተ ነገር ክፍል ላይ። «ይሄማ ክፍል ውስጥ ይማሩታል፤ ክበብ ማለት ድራማና ጭውውት ነው» ያሉን ባልደረቦች ነበሩ። ድራማውም አልቀረም። ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። ፎርሙላውን አሳምሮ የሚያውቅ ተማሪ ጥያቄው ውስጥ ያለችውን «አንለስ» (ካልሆነ በቀር) ሳያስተውል አልፎ ተቃራኒውን ሲመልስ አይተናል። ካርዱ ላይ የሚጎድለው ግን የፊዚክስ ውጤቱ ነው።

ልጆቹ የሚሳሳቱት ሰንፈው አይደለም። በአማርኛ «ዝናብ ስለዘነበ ልጆቹ ቤት ቀሩ» ስንል ጥገኛው ይቀድማል፣ አያያዡም ከግሱ ጋር ይጣበቃል። የእንግሊዝኛው «ቢኮዝ» ግን ራሱን ችሎ ከክሎዙ ፊት ይቆማል። ክሎዙ ከዋናው በፊትም በኋላም ሊመጣ ይችላል፤ ከቀደመ ኮማ ይከተለዋል። «ፋሲለደስ ያሠራው ቤተ መንግሥት» በሚለውም ገላጩ ከስሙ ይቀድማል፤ እንግሊዝኛው ቤተ መንግሥቱን አስቀድሞ ጠርቶ ገላጩን በ«ዊች» ያስከትላል። ልጆቻችን ይህን ሁሉ እየተናገሩ በጭንቅላታቸው ይገለብጣሉ። ደብተራቸው ውስጥ በብዛት ያገኘነው ስሕተት በ«ቢኮዝ» ጀምሮ ዋናው ሐሳብ ሳይመጣ ነጥብ ማድረግ ነው። እሱን በወረቀት ቁራጮች ተለማመድነው፤ አንዱ ተማሪ ዋናውን ይዞ ይቆማል፣ ሌላው ጥገኛውን ይዞ ቦታውን ይፈልጋል።

ሳምንታዊ ስብሰባዎቻችን እንደወትሮው ተካሂደዋል። በሚኒ ሚዲያም በዕረፍት ሰዓት አጫጭር ዝግጅቶች አቅርበናል።

በሰፊው ልጽፍለት የምፈልገው በጥምቀት ሰሞን ወደ ፋሲል ግቢ ያደረግነው ጉዞ ነው። እያንዳንዱ አባል አንድ ሕንፃ ተሰጥቶት በእንግሊዝኛ ማስረዳት ነበረበት። የቀዳማዊ ኢያሱ ቤተ መንግሥት የደረሰው ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማያውቅ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ተራው ሲደርስ ከአሜሪካ ለበዓሉ የመጣ ቤተሰብ አጠገባችን ቆሞ ያዳምጥ ነበር፤ አያት፣ ልጃቸው፣ አማርኛ የማይናገር የልጅ ልጃቸው። ትንሹ ልጅ ጣሪያው የት እንደሄደ ጠየቀ። ተማሪያችን እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዞች ጎንደርን ይዞ የነበረውን የጣሊያን ጦር በቦምብ ሲደበድቡ ሕንፃው መጎዳቱን ነገረው። ከዚያ ቦምቡ ቢጎዳውም ግድግዳው ዛሬም መቆሙን ሊጨምር በ«ኦልዞ» (ምንም እንኳ) ጀመረ። ክሎዙን ጨርሶ ወደ ዋናው ሲሻገር «በት» (ግን) አመለጠችው፤ በእንግሊዝኛ ግን በ«ኦልዞ» ከተጀመረ «በት» አይደገምም። አማርኛችን «ቢጎዳውም፣ ግድግዳው ግን» ስለሚል ሁላችንንም የምታስቸግር ቃል ናት። ልጁ ዝም አለ። ማንም አልነገረውም። ከ«ኦልዞ» እንደገና ተነሥቶ ያለ «በት» እስከ መጨረሻው አደረሰው። እንግዶቹ ለምን እንዳጨበጨብን አልገባቸውም። አያትየው ግን ግንባሩን ሳሙትና «እሰይ የኔ ልጅ! እኔ ለልጅ ልጄ ልነግረው ያቃተኝን ነገርክልኝ» አሉት። በማስተማር ዘመኔ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። በሳምንቱ ያንኑ ገለጻ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ለመላው ተማሪ አቅርቧል።

ያልተሳካልንም አለ። አቅደነው የነበረው የጽሑፍ ውድድር ሳይካሄድ ቀርቷል። ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ክፍላችን የዕቃ ማከማቻ ስለሆነ ዛፍ ሥር ነው የተሰበሰብነው፤ የፎቶ ኮፒውንም ወጪ የሸፈንነው ከኪሳችን ነው። ለስፖርት ክበቡ ማልያ ሲገዛ ከልብ ደስ ብሎናል። ለእኛም ወረቀት ይገዛልን።

ለከርሞ የ9ኛ ክፍል አዳዲስ ተማሪዎችን ከመስከረም ጀምረን ልንይዝ፣ ጉዞውንም እስከ ፋሲል መዋኛና ቁስቋም ልናሰፋ አስበናል። ለዚህ የሚቆለፍ አንድ ክፍል፣ መዝገበ ቃላትና ወረቀት፣ ለጉዞውም የትራንስፖርት ወጪ ያስፈልገናል። የወላጅ መምህር ኅብረት በክረምቱ ስብሰባው እንዲመለከትልን ጥያቄያችንን በጽሑፍ አስገብተናል። በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ የተገለገላችሁበትን መዝገበ ቃላት በክበባት አስተባባሪው ቢሮ በኩል ብታደርሱልን በደስታ እንቀበላለን።