አያቶቻችንን ፈላስፋ ያሉን ሰው

ክቡር አዘጋጅ፣

የሟቹን ካናዳዊ ፈላስፋ የክላውድ ሰምነርን ስም በጋዜጣችሁ አንሱልን። እኚህ ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ማኅበር አባል የሆኑ) ካህን በ1953 (እ.ኤ.አ.) ወደ አገራችን መጥተው የፈላስፋውን የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ ጨምሮ የኢትዮጵያን ፍልስፍና በአምስት ቅጽ አሳተሙ። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን ኋላ የኦሮሞን ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዘፈንና ተረት በሦስት ቅጽ መመርመራቸው ነው።

እዚህ ጅማ ሟች አያቴ ቡና ስትቆላ፣ ዓይኗን ከምጣዱ ሳትነቅል፣ የተጣሉ ጎረቤቶችን በአንዲት «ማማክሳ»፣ ማለትም በኦሮሞ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዝም ታሰኛቸው ነበር። ቡናው ሳይፈላ ይታረቃሉ። እኛ ልጆች ጨዋታ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ሰምነር ግን በሰፊው ትርጉሙ ፍልስፍና ነው አሉ።

ተማሪዎቼ ዛሬም የሶቅራጥስን ስም ያውቃሉ፤ የሰምነርን አንድም አልሰማ። እባካችሁ ጻፉላቸው።

አንድ መምህር፣ ከጅማ