ውክልናውን የሰጠው ኮንግረስ ነው

የተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው ሰሞን ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንት ሥልጣን መለጠጥ ያወጣችሁትን ሐተታ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ብዙ ደክመውበታል፤ ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ ለፕሬዚዳንቶቹ ሰጥተው የአገሪቱን ሕግ አውጪ፣ ኮንግረሱን፣ ሥልጣኑን እንደተቀማ ምስኪን ማቅረባቸውን ልቀበለው አልቻልኩም። በእኔ እምነት ኮንግረሱ ከሥልጣኑ አብዛኛውን ተቀምቶ ሳይሆን ራሱ ፈርሞ ነው የሰጠው፤ የሰጠውም ለእያንዳንዱ ከባድ ውሳኔ በስሙ ድምፅ ሰጥቶ በመራጩ መጠየቅን ስለሚሸሽ ነው። ይህን የምጽፈው ኮምቦልቻ ተቀምጬ የዋሽንግተንን ፖለቲካ መተንተን ስለሚያምረኝ አይደለም፤ ጉዳዩ ግቢዬ ድረስ ስለገባ ነው።

ከማከራያቸው ክፍሎች በአንዱ ሁለት የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ይኖሩ ነበር፤ አንዷ ከወረባቦ፣ ሌላዋ ከኩታበር የመጡ ልጆች። ታላቂቱ የስፌት ማሽን ኦፕሬተር ስትሆን ቀኑን ሙሉ የምትሠራው የቲሸርት አንገት ብቻ ነበር። ማታ ከሰርቪስ ወርዳ ስትገባ ገመድ ላይ የተሰጣውን የልጄን ቲሸርት አንገት ገልበጥ አድርጋ ታይና፣ «ጋሼ፣ ይኼ ስፌቱ ሄዷል፤ እኛ ጋ ቢሆን አያልፍም» ትለኝ ነበር። ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ከተመረቀ ወዲህ ከወሎ ገጠር እንዲህ ያለ ሙያ ይዘው የወጡ ልጆች ጥቂት አይደሉም። የሰፉት ልብስ አሜሪካ የሚገባው ደግሞ አጎዋ በሚባለው፣ ለአፍሪካ አገሮች በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ያለ ቀረጥ ነበር። አጎዋ ከሌለ በጥጥ ቲሸርት ላይ 16.5 በመቶ፣ በሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ እስከ 32 በመቶ የሚደርስ መደበኛ ቀረጥ ይከፈላል። በሳንቲም ቤት ዋጋ የሚደራደር ገዥ ይህን ቀረጥ ከፍሎ ከእኛ ለመግዛት የሚቆይበት ምክንያት የለውም።

ፕሬዚዳንት ባይደን ኢትዮጵያን በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ከአጎዋ ለማስወጣት ማሰባቸውን ለኮንግረሱ በደብዳቤ ያሳወቁት ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ከመንግሥት እጅ ወጥተው፣ ሕዝቡ በእግሩ እየተሰደደ የነበረው በዚያው ሳምንት ነው። የመንግሥት ጦር ኅዳር 27 ቀን ከተሞቹን መልሶ መያዙ ተነገረ፤ ውሳኔው ከታኅሣሥ 23 ቀን ጀምሮ ጸና። ታላቂቱ ልጅ ፍራሿንና ጀሪካኗን ልትወስድ ስትመጣ የመታወቂያ ባጇ ከነማንጠልጠያው አንገቷ ላይ ነበር። ፋብሪካው የሚከፈት መስሏት እዚያው ደርሳ መመለሷ ነው። «ኦርደር የለም አሉን» አለችኝና እቃዋን ጠቅልላ ወደ ወረባቦ ሄደች።

በጦርነቱ ግፍ አልተፈጸመም የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይደለም፤ በየቤታችን የቀበርናቸው አሉ። የአሜሪካ መንግሥት ስለ ሰብዓዊ መብት መጠየቁንም አልነቅፍም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ቅጣቱ ከሁሉ ይልቅ በጦርነቱ በተጎዳች ከተማ ላይ፣ ያም በልብስ ሰፊዎቿ ላይ እንዲያርፍ ሲወሰን የመከረው ማን ነው? ድምፅ የሰጠውስ?

በአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 ክፍል 8 ቀረጥ የመጣልና ከውጭ አገሮች ጋር የሚደረገውን ንግድ የመቆጣጠር ሥልጣን የኮንግረሱ ነው። አጎዋንም እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ኮንግረሱ ነው። ነገር ግን የትኛው የአፍሪካ አገር መስፈርቱን ያሟላል፣ የትኛውስ ይውጣ የሚለውን በየዓመቱ እንዲወስን ለፕሬዚዳንቱ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሕጉ ለ10 ዓመት ሲታደስ ሁለት ነገሮች ተጨመሩ፤ አንደኛው ፕሬዚዳንቱ አንድን አገር ከማስወጣቱ ከ60 ቀናት በፊት ለኮንግረሱ ማሳወቅ እንዳለበት ሲሆን፣ ሌላው ሙሉ በሙሉ ከማስወጣት ይልቅ በተወሰኑ ዕቃዎች ላይ ብቻ ጥቅሙን ማገድ ወይም መቀነስ የሚችልበት መንገድ ነው። ማሳወቅ ይላል፤ ማስፈቀድ አይልም። በእኛ ጉዳይ የ60 ቀኑ ማስታወቂያ ደረሰ፣ ቀኑ ተቆጠረ፣ ጊዜው አለፈ። ከ435ቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባላትና ከ100ው ሴናተሮች አንዳቸውም «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» ብለው ድምፅ እንዲሰጡበት አልተጠየቁም። ስለዚህ የወረባቦዋ ልጅ ጉዳዩን የምታቀርብለት የተወካይ ስም የለም፤ በእነርሱ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችንም በምርጫ ቀን «አንተ እንዲህ አድርገሃል» የሚሉት ሰው የለም።

ተማሪዎቼ ይህ ነገር አልገባ ሲላቸው በውክልና እገልጽላቸዋለሁ። አንድ ሰው ቤቱን እንዲያስተዳድርለት፣ ሲፈልግም እንዲሸጥለት ለወንድሙ ሙሉ ውክልና ቢሰጥና ወንድምየው ሳያማክረው ቢሸጠው፣ ሰው ወንድምየውን ብቻ አይወቅስም፤ ሙሉ ውክልና የፈረመውንም «ምን ነካህ?» ይለዋል። በእኛ አገር ግን ውክልና የሰጠ ሰው ሲከፋው ቢሮ ሄዶ ይሽረዋል። የኮንግረሱ ነገር የሚብሰው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቻድሃ በሚባለው ጉዳይ ላይ፣ ኮንግረሱ በሰጠው ሥልጣን የተላለፈን ውሳኔ በራሱ ድምፅ ብቻ መሻር እንደማይችል ወሰነ፤ መሻሪያው ራሱ ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ መቅረብ አለበት። ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም ካለ በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። ውክልናውን ለመሻር የተወካዩ ፈቃድ ያስፈልጋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በሜክሲኮ ድንበር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያውጁ ሁለቱም ምክር ቤቶች አዋጁን የሚሽር ውሳኔ አሳለፉ፤ ፕሬዚዳንቱ ውድቅ አደረጉት፤ የተወካዮች ምክር ቤት ውድቅ የተደረገውን ለመመለስ ሲሞክር 248 ለ181 ድምፅ አገኘ፤ አልበቃም። አብላጫው ሕግ አውጪ ያልፈለገው አዋጅ ጸንቶ ቀረ። ይህ እንዲህ እንደሚሠራ እያወቁ ልቅ ውክልና መስጠታቸውን አለመተዋቸው ነው እኔን የሚገርመኝ።

አንዳንዱ አንባቢ «ታዲያ የፕሬዚዳንቱን እጅ ጠፍሮ ማሰር ነው መፍትሔው?» ይል ይሆናል። አይደለም፤ ደሴ የዚህን ክፋት ከማንም በፊት አይታዋለች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 1935 ኮንግረሱ የገለልተኝነት ሕግ የሚባለውን አወጣ። ሕጉ ጦርነት በተነሳ ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ለተዋጊዎቹ ሁሉ፣ ወራሪና ተወራሪ ሳይለይ፣ የጦር መሣሪያ መሸጥን እንዲከለክል የሚያስገድድ ነበር። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለይተው ለመከልከል የሚያስችል ሥልጣን ፈልገው ነበር፤ አልተሰጣቸውም፤ ቅር እያላቸው ፈረሙ። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረረችን፤ በሁለተኛው ቀን ሩዝቬልት ክልከላውን በሁለታችንም ላይ አወጁ። የራሷ የመሣሪያ ፋብሪካ ያላት ጣሊያንና ጠመንጃ ከውጭ ካልገዛች የማትታጠቅ ኢትዮጵያ እኩል ተከለከሉ። ነዳጅ ደግሞ በሕጉ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፤ የሩዝቬልት መንግሥት ነጋዴዎችን ስለ ኅሊናችሁ ብላችሁ አትሽጡ ብሎ ከመለመን በቀር የሚያዝበት ሥልጣን አልነበረውም፤ ልመናውም ነዳጁን አላስቆመውም። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ነበሩ፤ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። ከጦሳ ተራራ ሥር ላሉት ቁስለኞች የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ነበረላቸው፤ የአሜሪካ ሕግ ግን የደብዳቢውን ነዳጅ አልከለከለም።

እንግዲህ በ1928ቱ ኮንግረሱ ጉዳዩን ሳያይ አስቀድሞ አሰረ፤ በ2014ቱ ጉዳዩን ሳያይ አስቀድሞ ለቀቀ። ሁለቱም ጊዜ ያልተሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ጉዳዩ ፊት ለፊት ሲመጣ ቁጭ ብሎ መስማት፣ መከራከር፣ ከዚያም ድምፅ መስጠት። ፕሬዚዳንቱ ፈጥኖ መንቀሳቀስ አለበት የሚለው መከራከሪያ ለጦር ሜዳ ያገለግል ይሆናል፤ 60 ቀን ለተሰጠው የቀረጥ ውሳኔ ግን አያገለግልም። ፕሬዚዳንት ትሩማን እ.ኤ.አ. በ1952 በኮሪያ ጦርነት መካከል የብረት ፋብሪካዎችን በአስቸኳይ ስም ሲይዙ እንኳ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ኮንግረሱ ያልሰጠዎት ሥልጣን ነው ብሎ መልሷቸዋል። ፍርድ ቤት ግን ሊያድን የሚችለው ኮንግረሱ ያልሰጠውን ነው፤ የሰጠውን አያስመልስለትም።

የቅርቡን ብቻ ላንሳና ላብቃ። በወሎ ገጠር የአሜሪካ ሕዝብ ስጦታ የሚል ጽሑፍ ያለበት የዘይት ጣሳ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው፤ በእኔም ግቢ አንዱ ጣሳ ጤና አዳም ተተክሎበታል። የዚያ እርዳታ ገንዘብ በኮንግረሱ የጸደቀ በጀት ነው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 2025 ሥራ በጀመሩበት ዕለት የውጭ እርዳታን በትእዛዝ አቆሙት። ከፕሬዚዳንት ኒክሰን ጋር በበጀት ከተፈጠረው ጠብ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ሕግ፣ ፕሬዚዳንቱ የጸደቀን በጀት መሰረዝ ከፈለገ ኮንግረሱን እንዲጠይቅ፣ ኮንግረሱ በጉባኤ ላይ ባለበት 45 ቀን ውስጥ ካልተስማማም ገንዘቡን እንዲለቅ ያዝዛል። ጥያቄው የቀረበው ግን ሥራው ከቆመ ከወራት በኋላ ነው። የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2025 ሲዘጋ ኮንግረሱ ገና አልወሰነም ነበር፤ በዚያው ወር ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ በጀት፣ አብዛኛው የውጭ እርዳታ፣ እንዲሰረዝ በሴኔት 51 ለ48፣ በተወካዮች ምክር ቤት 216 ለ213 ድምፅ ተስማማ። ውጤቱ ያሳዝነኛል፤ ቢያንስ ግን እዚህ ላይ ማን ምን እንዳለ በስም ተጽፎ ይገኛል። በአጎዋ ጉዳይ ይህ እንኳ አልተገኘም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታደሰው የአጎዋ ዘመን መስከረም 30 ቀን 2025 አብቅቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2026 የታደሰውም እስከዚያው ዓመት መጨረሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ሕግ እንዴት ይጻፍ የሚለው ክርክር የእኛም ጉዳይ ነው። አንድን አገር ሙሉ በሙሉ ማስወጣት በሁለቱ ምክር ቤቶች ድምፅ እስኪጸድቅ ድረስ እንዳይጸና፣ ፕሬዚዳንቱ ብቻውን ሊወስን የሚችለው ከፊል እገዳን፣ ያንንም ለተወሰነ ወራት ብቻ እንዲሆን፣ ከውሳኔውም በፊት ሥራቸውን የሚያጡት እነማን እንደሆኑ በጽሑፍ እንዲቀርብ በሕጉ ቢገባ፣ የፕሬዚዳንቱ ክብር አይነካም፤ ተወካዮቹ ግን ስማቸውን ከውሳኔው ጋር ለማስመዝገብ ይገደዳሉ። በ2014 የአሜሪካን ጫና በመቃወም በየአደባባዩ «በቃ» ብለው የጮኹ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዋይት ሐውስ ደጃፍ የቆሙትን ያህል በየምርጫ ክልላቸው ተወካይ ቢሮ ቢቆሙ ይህ ሊደረግ የሚችል ነው። ጋዜጣችሁም ስለ ፕሬዚዳንቶቹ የሚሰጠውን ያህል ገጽ ለእነዚህ ተወካዮች እንዲሰጥ፣ ረቂቁ ሲቀርብም ማን በምን ወገን እንደቆመ ከነስሙ እንዲያስነብበን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሥነ ዜጋ መምህር፣ ኮምቦልቻ