የጤና ሙያ ተማሪዎችን ለምታስተምረው ልጄ

ውድ ልጄ፣

የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ተማሪዎች በጋራ የሚማሩትን ኮርስ እንድታዘጋጂ ኃላፊነት እንደተሰጠሽ ስትነግሪኝ እጅግ ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን በነርስነት እንዳሳለፈ ሰው አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ፤ ተማሪዎቹን በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ ሌክቸር መስጠት አብሮ መሥራትን ያስተምራል ብለሽ እንዳታስቢ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2010 ባወጣው ማዕቀፍ ያስቀመጠው፣ አንዱ የሌላውን ሙያ እንዲያውቅና አንዱ ከሌላው እንዲማር ነው።

ስለዚህ የጋራ ታካሚ ስጫቸው። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ለሚወስዱ አንዲት አረጋዊት ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ኮትሪሞክሳዞል ታዘዘላቸው እንበል። የሕክምና ተማሪው በሽታውን በትክክል ለይቷል፤ የፋርማሲዋ ተማሪ ኮትሪሞክሳዞል የዋርፋሪንን ኃይል ጨምሮ ለመድማት እንደሚያጋልጥ ታውቃለች፤ የነርሲንግ ተማሪው ጠዋት አፋቸውን ሲያጸዳላቸው ድዳቸው መድማቱን አይቷል፤ የላቦራቶሪዋ ተማሪ ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየውን የአይኤንአር ምርመራ ከፍ ያለ ውጤት ይዛለች። አራቱም የየድርሻቸውን ቢያውቁም፣ ካልተነጋገሩ እኚህ እናት ደም ሊፈሳቸው ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ መናገሩ ነው። የነርሲንግ ተማሪው «ይህ ትእዛዝ እንደገና ይታይልኝ» ለማለት ድፍረት ብቻ ሳይሆን ሥርዓትም ያስፈልገዋል፤ አሁን የሆነውን፣ የታካሚውን የኋላ ታሪክ፣ የራሱን ግምገማና የሚጠይቀውን ነገር በቅደም ተከተል የሚያስቀምጠውን የኤስባር ዘዴ ድምፃቸውን አውጥተው ይለማመዱት። የሕክምና ተማሪውም ሳይቆጣ መስማትንና የሰማውን መልሶ በመናገር ማረጋገጥን እንዲሁ ይለማመድ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በስዊድን የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1996 ተማሪዎች በመምህራን ክትትል ሥር ታካሚዎችን በጋራ የሚንከባከቡበት የተኝቶ ሕክምና ክፍል ጀምሯል። ያን ያህል አቅም ባይኖርሽ እንኳ፣ ቡድኑ በጋራ ላዘጋጀው የሕክምና ዕቅድ የጋራ ውጤት ስጪ፤ ማርክ የማያስገኝ ትምህርት በተማሪ ዘንድ ቦታ የለውምና።

የየሙያው መምህራንም አንድ ላይ ቆመው ያስተምሩ። ታካሚዎችን በየአልጋቸው እየዞሩ በሚያዩበት ራውንድ ላይ ሐኪሙ ነርሷን ሲያቃልል ያየ ተማሪ፣ አንቺ በክፍል ውስጥ ያስተማርሽውን ሳይሆን ያንን ይዞ ይወጣል። የትምህርት ክፍሎቹን የጊዜ ሰሌዳ ማስማማት አድካሚ ስለሆነ ገና ከአሁኑ ጀምሪው፤ የታካሚ ታሪኮችን በማዘጋጀቱ ግን ላግዝሽ ዝግጁ ነኝና የመጀመሪያውን ረቂቅ ላኪልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ