ከመጨረሻዋ ነጥብ በኋላ ስላለው ስም

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ደብረ ብርሃን ቢሯችን ድረስ መጥታችሁም ሆነ ከሸዋ ሮቢትና ከመሐል ሜዳ ደውላችሁ አብዝታችሁ የምትጠይቁን፣ «ለድርጅታችን ድረ ገጽ አድራሻ ነጥብ ኮም (.com) ይሻላል ወይስ ነጥብ ኢቲ (.et)?» የሚለውን ነው። ለሁላችሁም በአንድነት ልንመልስ ወደድን።

የኢንተርኔት አድራሻ እንደ እኛ ስም ነው፤ የራስ ስም ይቀድማል፣ የአባትና የአያት ይከተላል። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አድራሻ «ዲቢዩ ነጥብ ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ» (dbu.edu.et) ይላል፦ ዲቢዩ ራሱ ዩኒቨርሲቲው፣ ኢዲዩ የትምህርት ተቋማት ወገን፣ ኢቲ ኢትዮጵያ። የአድራሻን ባለቤት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ከቀኝ ጀምሮ ያንብብ።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው ለገንዘባችሁ ስለምንሰጋ ነው። አጭበርባሪ በስልካችሁ በሚልከው ማስፈንጠሪያ ውስጥ የባንካችሁን ስም ከፊት ያስቀምጥና ከኋላው የማታውቁትን ስም ያስከትላል። ከፊት ያለውን የአድራሻው ባለቤት እንዳሻው ይጽፈዋል፤ እውነቱ ያለው ከኋላ ነው። ከአድራሻው ቀጥላ ያጋደለች መስመር (/) ካለች፣ ከእርሷ በፊት ያለውን መጨረሻ፣ ለምሳሌ ኮም ወይም ኮም ነጥብ ኢቲን፣ ከፊቱ ከቆመው ስም ጋር አብራችሁ ተመልከቱ። ካላወቃችሁት የይለፍ ቃላችሁን አትጻፉ።

ባለ ሁለት ፊደል መጨረሻዎች የአገርና የግዛት ናቸው። ኢቲን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ብዙዎች የሰው ሠራሽ አስተውሎት ምልክት የሚመስላቸው ኤአይ (.ai) የካሪቢያኗ ደሴት የአንጉዊላ ነው፤ ቲቪም (.tv) በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው አገር የቱቫሉ። ኮም ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ዛሬ ለማንም ክፍት የሆነ ስም ነው። ኦርግም (.org) እንዲሁ ስለሆነ በእርሱ ብቻ አንድን ድርጅት በጎ አድራጊ ነው ብላችሁ አትመኑ።

ወደ ጥያቄያችሁ ስንመለስ፣ አንኮበር ላይ የውጭ እንግዳ የሚቀበል ሆቴል ኮምን ቢይዝ እንመርጣለን። የሱፍ ባና ለሚሸጥ ወይም ምስር ለአገር ውስጥ ነጋዴ ለሚያቀርብ ማኅበር ግን ኮም ነጥብ ኢቲ (.com.et) የት እንዳለ ወዲያው ይናገርለታል። አቅም ካለ ሁለቱንም ይዞ አንዱን ወደ ሌላው መምራት ይቻላል።

የትኛውንም ብትመርጡ ስሙ በእናንተ ስምና ኢሜይል ይመዝገብ፤ በእኛም፣ ድረ ገጹን በሠራላችሁ ባለሙያም ስም አይሁን። ስሙ በዓመት የሚታደስ ኪራይ እንጂ አንዴ ተገዝቶ የሚቀር አይደለም። ሳይታደስ ከቆየ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል፤ በእርሱ የምትጠቀሙበት ኢሜይልም አብሮ ይቆማል። ምዝገባችሁ በማን ስም እንደሆነ ያልተረጋገጠላችሁ ካላችሁ ወደ ቢሯችን ብቅ በሉ፤ ያለ ክፍያ አብረናችሁ እናያለን።

ከአክብሮት ጋር
የድረ ገጽ አገልግሎት ክፍል፣ ደብረ ብርሃን