ከሶንግክራን በፊት ዋይ ክሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ለማስተማር ወደ ታይላንድ ለሚሄዱ ሰዎች የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ በሶንግክራን፣ ማለትም በታይላንድ ባህላዊ አዲስ ዓመት፣ ውሃ መራጨት ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ሶንግክራን ግን ከኤፕሪል 13 እስከ 15 የሚከበር ስለሆነ ትምህርት ቤቶች ለረጅሙ ዕረፍት ተዘግተው ነው የሚያገኛቸው። አዲሱ መምህር በተማሪዎቹ ፊት የሚፈተነው በዋይ ክሩ፣ ማለትም መምህራን በሚከበሩበት ሥነ ሥርዓት ላይ ነው።

ሥነ ሥርዓቱ የትምህርት ዘመኑ በሜይ ከተከፈተ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይካሄዳል፤ ቀኑ ባብዛኛው ሐሙስ ነው። ተማሪዎች አበባ የተደረደረበት ሳህን ይዘው፣ ወንበር ላይ ወደተቀመጡት መምህራን በጉልበታቸው እየዳኹ ይቀርባሉ። ሳህኑ ላይ ሰርዶ አለ፤ ቢረግጡትም መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ዕውቀትም እንደዚያው ይስፋፋ ማለት ነው። ያጎነበሰችው የደበርጃን አበባ ትሕትና ናት። ዶክ ኬም፣ በታይኛ የመርፌ አበባ፣ የአእምሮ ስለት ናት። የፈካ ሩዝም ይጨመራል።

የውጭ አገር ሰው እዚህ ላይ የሚያጠፋው ከደግነቱ ነው። ልጁ ሲንበረከክ ደንግጦ ብድግ ይላል፣ ወይም ክንዱን ይዞ ሊያነሳው ይሞክራል፣ ከዚያም ብሶ የልጁን ራስ ይደባብሳል። ራስ የተከበረ አካል ነው፤ እግር ደግሞ የመጨረሻው ዝቅተኛ። ስለዚህ ከወንበር አይነሱ። እግር አያነባብሩ፤ የጫማዎ ሶል ወደ ልጁ እንዳይዞር ሁለቱንም እግሮች መሬት ያስረግጡ። ሳህኑን በሁለት እጅ ተቀብለው ከጎን ባለ ጠረጴዛ ላይ ያኑሩት እንጂ ከእግርዎ ሥር አያስቀምጡት።

መዳፍ ከመዳፍ አጋጥሞ የሚሰጠው የዋይ ሰላምታም ልክ አለው። ለመነኩሴ አውራ ጣት ቅንድቦች መካከል ይደርሳል፤ ለታላቅ ሰውና ለመምህር የአፍንጫ ጫፍ፤ ለእኩያ አገጭ። ተማሪ ዋይ ሲልዎት መዳፎችዎን ደረት ላይ ማጋጠም ወይም ራስ ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል። ቀድመው ለልጅ ዋይ ማለት አክብሮት ይመስላል፤ ልጁን ግን ያሳፍረዋል። እጅዎ ዕቃ ከያዘም ራስ ነቅነቅ ማድረግ ያዛልቃል።

ሶንግክራንን እዚያው የሚያሳልፍ ሰው ለአዛውንት ሽቶ ያለው ውሃ በመዳፋቸው ላይ ቀስ አድርጎ ያፍስስ። ባልዲው ለመንገዱ ጨዋታ ነው፤ እዚያም ቢሆን መነኩሴ፣ ሕፃንና በሞተር ብስክሌት የሚያልፍ ሰው አይረጭም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ