የ2030 ጥምቀት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14

ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለፌዴራል መንግሥት ግዥና ንብረት ባለሥልጣን

ጉዳዩ፦ ሰዓት ቆጣሪያቸው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. የሚሞላ ሲስተሞችንና ዕቃዎችን ይመለከታል

በዓለም «የ2038 ችግር» የሚባለው በእኛ አቆጣጠር 2030 ላይ ነው የሚወድቀው። ይህን ያስቀደምነው ቁጥሩን ሰምቶ «ገና 20 ዓመት አለ» የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው። የቀረው ከ12 ዓመት አይበልጥም። ዕለቱ ማክሰኞ፣ ጥምቀት ነው፤ ታቦታቱ ጃንሜዳ አድረው፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ።

ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚይዙት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። ቁጥሩ በ32 ቢት፣ ማለትም በ32 የዜሮና የአንድ ቦታዎች፣ ከተቀመጠ ጣሪያው 2,147,483,647 ነው። አንድ ሰከንድ ሲጨመርበት ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጣል፤ ማሽኑም ቀኑን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ይላል፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያው በሙያው ውስጥ አዲስ አይደለም፤ የሚገጥመው መልስ ግን ያሳስበናል። አንዱ «ዋይቱኬም እንዲህ ተብሎ ነበር፣ ምን መጣ?» ይላል። ዋይቱኬ፣ ማለትም በ2000 እ.ኤ.አ. መግቢያ ኮምፒውተሮች ቀኑን ይሳሳታሉ የተባለበት ችግር፣ ያለ ብዙ ጉዳት ያለፈው ፕሮግራመሮች ዓመቱን በሁለት አሃዝ የያዙ፣ ኮቦል በተባለ የቆየ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞችን እየፈለጉ ለዓመታት ሲያስተካክሉ ስለከረሙ ነው። ሌላው «እስከዚያ ሲስተሙ ይቀየራል» ይላል፤ ዓመቱን በሁለት አሃዝ የጻፉትም ይህንኑ ነበር የሚሉት። ከሁሉም የምንፈራው ግን «ሰርቨራችን 64 ቢት ነው» ብሎ ፋይሉን የሚዘጋውን ነው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ ማንም አይከራከረውም።

ሰርቨሩ 64 ቢት፣ ማለትም የቁጥሩ ጣሪያ እጅግ የራቀ፣ ሆኖ የዳታቤዙ ዓምድ 32 ቢት ሊሆን ይችላል። ማይኤስኪውኤል የተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ቀንና ሰዓት የሚይዝበት «ታይምስታምፕ» ዓምድ የትኛውም ማሽን ላይ ቢጫን ከዚያች ሰከንድ አያልፍም፤ ስህተት ያለበትን መረጃ በማይቀበለው «ጥብቅ ሞድ» ላይ ከሆነ መዝገቡን በኤረር ይመልሳል፣ ካልሆነ ዜሮ ቀን ይጽፋል። ሰከንዱን «ኢንት» በተባለ የ32 ቢት የቁጥር ዓምድ ውስጥ የሚያስቀምጠው ይብሳል፤ ጥብቅ ሞድ ከጠፋ ቁጥሩን ጣሪያው ላይ ቆርጦ ዝም ነው። ይህ ደግሞ 2030ን አይጠብቅም። የመኖሪያ ቤት ቦታ ሊዝ 99 ዓመት ነው፤ ዛሬ የሚመዘገብ የ15 ዓመት ብድርም ማብቂያው ከ2030 በኋላ ነው። ስለዚህ የዳታቤዝ ባለሙያዎቻችሁ ዛሬውኑ 2147483647 የሚለውን ቁጥር በየዓምዱ ይፈልጉት። የማይገናኙ ውሎች ሁሉ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. በአንዲት ሰከንድ የሚያበቁ ሆነው ከተገኙ፣ እውነተኛው ቀን ጠፍቷል ማለት ነው፤ ከወረቀት ፋይሉ እንደገና መመዝገብ አለበት። ዓምዱ ይህ ገደብ ወደሌለባቸው የዓምድ ዓይነቶች፣ ወደ «ዴትታይም» ወይም ወደ «ቢግኢንት»፣ ይቀየር። ቁጥሩን ፖዘቲቭ ብቻ አድርጎ እስከ 2106 እ.ኤ.አ. ማስረዘም እንደ አቋራጭ ይታያል፤ ነገር ግን ከታኅሣሥ 1962 በፊት የተወለደን ሰው የልደት ቀን መያዝ አይችልም። የኢትዮጵያን ቀን በጽሑፍ የሚያስቀምጡትም ቢሆኑ አያመልጡም፤ ወደ ፈረንጅ ቀን የሚመልሰው ኮድ በመካከል ሰከንድ የሚቆጥር ከሆነ እዚያው ይሰናከላል።

ቀኑ ሳይደርስ መውደቅ ታይቷል። በግንቦት 1998 ዓ.ም. ኤኦኤልሰርቨር የተባለው የድረ ገጽ ሰርቨር ሶፍትዌር ላይ፣ «ፈጽሞ አይቋረጥ» ለማለት ያህል የ1 ቢሊዮን ሰከንድ የጊዜ ገደብ ተሞልቶ ነበር። ገደቡ በዕለቱ ሰዓት ላይ ሲደመር ከጣሪያው አለፈና ሰርቨሩ ወደቀ።

ስለ ትናንሾቹ ዕቃዎች ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ታስተምራለች። የቅድመ ክፍያ የመብራት ቆጣሪዎቹ ደረጃ ከታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. ጀምሮ ደቂቃ የሚቆጥረው በ24 ቢት ነበር፤ 16,777,216 ደቂቃ፣ 32 ዓመት የማይሞላ። ማለቂያው ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደሚሆን ደረጃው ሲወጣ ጀምሮ ማስላት ይቻል ነበር። መፍትሔውም እያንዳንዳቸው 20 አሃዝ ያላቸው ሁለት ኮዶችን በቆጣሪው ቁልፎች ማስገባት ብቻ ነው። ሥራው የከበደው በየቤቱ በር ላይ ስለሆነ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ኮዱ ያልገባባቸው ብዙ ቆጣሪዎች ነበሩ፣ አዲስ የተገዛ የመሙያ ኮድም አልቀበል አሉ። በየቢሯችሁ ያሉት የጣት አሻራ መፈረሚያዎች፣ የካሜራ መቅረጫዎችና ራውተሮችም ብዙዎቹ 32 ቢት ናቸው። አምራቹ አፕዴት ካላወጣላቸው መጣል እንጂ መጠገን የለም።

ሙከራው ከባድ አይደለም። የሲስተሙ ቅጂ ቨርቹዋል ማሽን (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ኮምፒውተር) ላይ ይነሳ፣ ኔትወርኩ ይቆረጥ። ከኢንተርኔት የሚመጣው የሰዓት ማስተካከያም፣ ከአስተናጋጁ ማሽን የሚመጣውም ይጥፋ፤ ሁለተኛው ስለሚረሳ ሰዓቱ ሳይታወቅ ወደ ዛሬ ይመለስና «አለፈ» ተብሎ ይፈረማል። በመጀመሪያ ሰዓቱ ጥር 10 ላይ ይደረግ። እዚያም ላይ ከወደቀ ጥፋቱ ጊዜው ያለፈበት ሰርተፊኬት ወይም ላይሰንስ ሊሆን ይችላል፣ የግድ የሰከንዱ አይደለም። ከዚያ ጥር 11፣ 12፡04 ላይ ተደርጎ 20 ደቂቃ ይሥራ፤ ጠፍቶም ይነሳ፣ እየሠራ አልፎ ሲነሳ የሚወድቅ አለና። ሥራ ላይ ባለው ሲስተም ላይ ግን በፍጹም አይሞከር፤ የባክአፕ ሶፍትዌሩ ቅጂዎቹ ሁሉ ያረጁ መስሎት ጠራርጎ ሊያጠፋቸው ይችላል።

የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከመጪው ሐምሌ 1 ጀምሮ በሚወጣ ማንኛውም የኮምፒውተር፣ የሶፍትዌርና ሰዓት የሚይዝ ዕቃ የጨረታ ሰነድ ላይ ይህ አንቀጽ ይግባ፦

«የቀረበው ዕቃ ወይም ሶፍትዌር ሰዓቱ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12፡04 ላይ ተደርጎ 20 ደቂቃ ከሠራ በኋላ፣ ጠፍቶም ከተነሳ በኋላ ትክክለኛውን ቀን ካላሳየ ርክክብ አይፈጸምም።»

ከአክብሮት ጋር፣
የሲስተም አስተዳዳሪዎችና የዳታቤዝ ባለሙያዎች