ለጋሞ ደጋ የዓይን ሕክምና ጉዞ የድጋፍ ጥሪ

የተወደዳችሁ በዋሽንግተንና አካባቢዋ የምትገኙ የደብራችን ምእመናን፤

ከጥምቀት በዓል በኋላ ከደብራችን የተውጣጡ የዓይን ሐኪሞች፣ ነርሶችና ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ወደ ጋሞ ዞን ይጓዛሉ። የሚያገለግሉት ከአርባ ምንጭ ሽቅብ በሚገኙት የጨንቻና የዙሪያው ደጋ ቀበሌዎች ነው። የአውሮፕላን ትኬታቸውን፣ ማደሪያቸውንና ምግባቸውን ራሳቸው ችለዋል። ዛሬ እጃችሁን እንድትዘረጉ የምንለምናችሁ ተጓዦቹ ከተመለሱ በኋላ እዚያው ለሚቀጥለው ሥራ ነው።

በ1998 ዓ.ም. የተጠናው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ካሉት ዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ (በዓይን ሌንስ መደፍረስ) መሆኑን አሳይቷል። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፤ ለተካነ ሐኪም ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ዶርዜን ሁላችንም እናውቃለን፤ ብዙዎቻችን እሑድ እሑድ የምናጣፋው ነጠላ የዚያ አገር ሸማኔዎች የእጅ ሥራ ነው። ድርና ማጉን መለየት ያቃተው ሸማኔ ዓይኑ ሲበራለት እንጀራውም አብሮ ይመለስለታል።

ይሁን እንጂ ቀዶ ሕክምናው ብቻውን አይበቃም። ሌንሱ የእያንዳንዱ ታካሚ ዓይን ተለክቶ ካልተመረጠ እይታው ብዥ እንዳለ ይቀራል። ለሳምንታት የሚደረግ ጠብታ አለ። ዓይኑ ቢቀላና ቢያመው የሚያየው ባለሙያ በቅርብ ያስፈልገዋል። ሐኪሞቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ ይህን ሁሉ የሚከታተል ከሌለ የታከመው ዓይን ዳግም ሊጠፋ ይችላል። እንዲህ ያለውን ጉዞ በደብራችን ስም ማድረግ አንፈልግም።

የትራኮማ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። በልጅነት እየደጋገመ የሚይዘው ይህ በሽታ የዓይንን ቆብ ከውስጥ ያጠባስሰዋል፤ በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቀዋል። ልጆች የሚያሳድጉት እናቶች ስለሆኑ ከወንዶች ይልቅ እነርሱ ይጠቃሉ። በገጠር ብዙዎች ያላቸው መድኃኒት ወረንጦ ነው። ልጅ እናቷን፣ ጎረቤት ጎረቤቷን ታስቀምጥና ፀጉሩን ትነቅልላታለች፤ ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል። እስኪታወሩ ድረስ እንዲህ ሲነቀሉ የሚኖሩ እናቶች አሉ። ይህ ልባችንን ሊያደማው ይገባል፤ ምክንያቱም በጤና ጣቢያ፣ በቀላል ቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ነገር ነው።

በአገራችን ይህን ቀዶ ሕክምና የሚሠሩት ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው። ከአሜሪካ የሚሄድ ሐኪም የእነርሱን ቦታ መውሰድ የለበትም ብለን እናምናለን። ሙያው በእጃቸው ነው፤ የሚያጥራቸው የመስፊያ ክር፣ ማደንዘዣ፣ መሣሪያ የሚቀቀልበት አውቶክሌቭና ከቀበሌ ቀበሌ የሚያደርሳቸው መኪና ነው። ከምትሰጡት ገንዘብ ትልቁ ድርሻ ለዚህ ይውላል። ስፌት ለማስወጣትና ከወራት በኋላ ፀጉሩ ዳግም ተቀልብሶ እንደሆነ ለመታየት ለሚመጡ ታካሚዎች የመጓጓዣ፣ ለጋሞኛ አስተርጓሚዎችም አበል ከዚሁ ይከፈላል። አንዲት አሮጊት የት እንደሚያማቸው በገዛ ቋንቋቸው መናገር አለባቸው።

አንድ ነገር አደራ እንላችኋለን፤ ከቤት የተረፈ መድኃኒት አታምጡልን። ልባችሁ ቅን እንደሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን መድኃኒት ወደ አገር የሚገባው በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም የሚለገስ መድኃኒት ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ እንዲቀረው ይጠይቃል። ጠብታውን አዲስ አበባ ገዝተን ብንሄድ ይሻላል።

የምንጠይቃችሁ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለአንድ ዓመት በየወሩ 20 ዶላር እንዲሰጥ ነው። በአንድ ጊዜ መስጠት የምትፈልጉ፣ ከዚህ በላይም ሆነ በታች የምትችሉ፣ ሁላችሁንም በምስጋና እንቀበላለን። ወርኃዊውን የመረጥነው ነርሶቹ ዓመቱን ሙሉ ስለሚሠሩ ነው። ገንዘቡ በሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ገቢ ይሆናል፤ ደረሰኝ ትወስዳላችሁ፤ ወጪውም ከነማስረጃው በየሦስት ወሩ በጉባኤ ፊት ይነበባል።

ጋሞኛ የምትናገሩ፣ ወይም በዓይን ሕክምና ነርስነት የምታገለግሉ ካላችሁ ከገንዘባችሁ በፊት እናንተን እንፈልጋለን። መዝጋቢዎቻችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ መግቢያ ይጠብቋችኋል። እግዚአብሔር ይስጥልን።